ማርክ፤ ምስክር ወይስ ዳኛ?

አንድ ተማሪ ትምህርቱን ፈጽሞ ሲሰናበት በእጁ የሚሰጠው ወረቀት በአማርኛችን «የምስክር ወረቀት» ይባላል። ስሙን ዘወትር ስለምንጠራው ትርጓሜውን ልብ ብለን አንመለከተውም። ነገር ግን ስሙ የሚናገረው ግልጽ ነው፤ ወረቀቱ ስለ አንድ ሰው ቀርቦ ያየውን ይመሰክራል ማለት ነው። ምስክር ካለ ደግሞ ጉዳይ አለ፤ ጉዳይ ካለም ዳኛ መኖሩ ግድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ተማሪው በየትምህርቱ የሚያገኘው ማርክ ከሁለቱ የትኛው ነው? ስለ ሥራው ያየውን የሚናገር ምስክር ነውን? ወይስ በሕይወቱ ላይ የሚፈርድ ዳኛ?

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ቢኖር በሰኔ ወር መጨረሻ ወደ አንድ ሰፈር ጎራ ብሎ ይመልከት። ልጁ ካርዱን ይዞ ከደጅ ሲገባ «ዘንድሮ ምን ተማርህ?» ብሎ የሚጠይቀው እምብዛም አይገኝም፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ይባላል እንጂ። 3ኛ የወጣው ይሳማል፤ 43ኛ የወጣው አንገቱን ደፍቶ ወደ ጓዳ ይገባል። ዕድሜው ከፍ ሲል ነገሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ ባሕርዩን አይለውጥም። ደረጃው በፊደል፤ ፊደሉም በነጥብ ይተካል። በነጥቡም የሚገባበት የትምህርት ክፍልና የሚቀጠርበት ሥራ ይወሰናል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ወጣቶች ማርካቸውን ሲቀበሉ ስለ አንድ ሥራቸው የተነገረ ቃል እንደ ሰሙ ሳይሆን ስለ ማንነታቸው የተበየነ ፍርድ እንደ ሰሙ ሆነው ይቆጥሩታል።

በቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ የሚመዘነው በቁጥር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የተሳሳተውን ያርሙለታል። ዛሬ ያልተቃናለት ነገ ደግሞ ይቀርባል። እንዲህ እያለ ቤት ይሞላል። ድጓ የሚማረውም ጠንቅቆ ከጨረሰ በኋላ በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረው ዙር አምባ ይወርዳል። የቃሉን ነገር አስተውሉ፤ ተማሪው «ተፈተነ» ከመባል ይልቅ «አስመሰከረ» ይባላል። የሚመሰክሩለትም ድምፁን ሰምተው፣ ስሕተቱን አርመው፣ ብርታቱንና ስንፍናውን በቅርብ አይተው ነው። እንዲህ ያለው ምስክር ስለ ሰውየው ብዙ ያውቃል።

ይሁን እንጂ የጥንቱን ሁሉ ማወደስ፣ የዛሬውንም ሁሉ መንቀፍ ቅን ፍርድ አይሆንም። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ፣ በአንድ አገር አቀፍ ፈተና በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ተማሪ በሚቀመጥበት ዘመን መምህር ሁሉ እያንዳንዱን ልጅ እንደ ቅኔ መምህር ሊያውቀው አይቻለውም። ቁጥር የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥርም የራሱ የሆነ በጎነት አለው፤ ፊት አይቶ አያደላም። የተፈታኙ ስም ተሸፍኖ በመለያ ቁጥር ብቻ የሚታረም ወረቀት የባለጸጋውን ልጅ ከደኻው ልጅ፣ የአራሚውን ዘመድ ከባዳው ለይቶ አያውቅም። አባቱ አማላጅ የሌለው ልጅ በዚህ አገር ከፍ ወዳለ ሥራ የደረሰው ብዙውን ጊዜ በማርኩ ነው። ስለዚህ ማርክን የምንነቅፍ ሰዎች በፊቱ ምን እንደ ነበረ አንዘንጋ።

እንግዲህ ማርክ ምስክር ነው ካልን፣ ባለጉዳዩ በመጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ምስክሩ ምን እንዳለ አጥርቶ መስማት ነው። በችሎት ቆሞ የምስክሩን ቃል ሳይሰማ «ተረታሁ» ብሎ የሚወጣ ተሟጋች ቢኖር ሰው ሁሉ ይስቅበታል። ነገር ግን ማርኩ እንዴት እንደ ተገኘ ሳያውቅ የሚያለቅስ ወይም የሚፎክር ተማሪ ከዚህ ተሟጋች በምን ይለያል?

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። እኔ ራሴ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በወሰድሁት ባለ 4 ክሬዲት ትምህርት ከመቶው 10 ለአጫጭር ፈተና፣ 15 ለቤት ሥራ፣ 25 ለአጋማሽ ፈተና፣ 50 ለማጠቃለያ ፈተና ተመድቦ ነበር። በአጫጭሮቹ ከ10 ያገኘሁት 8 ነው። የቤት ሥራው ከ25 ታርሞ 20 አገኘሁ፤ ይህም ወደ 15 ሲለወጥ 12 ይሆናል። በአጋማሹ ከ30 ያገኘሁት 21 ወደ 25 ሲለወጥ 17.5 ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 37.5 ሆኑ። ከማጠቃለያው በፊት ይህን ደምሬ ስለ ነበር የቀረኝን መንገድ አውቀው ነበር። 75 ነጥብ ላይ ለመድረስ በማጠቃለያው ከመቶ 75፣ 85 ላይ ለመድረስ ደግሞ ከመቶ 95 ማምጣት ያስፈልገኝ ነበር። ያመጣሁት ግን 60 ሆነ፤ ግማሹ 30 ነውና ድምሩ 67.5 ወጣ። ይህም በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በሚሠራበት መለኪያ ከ65 እስከ 70 ባለው ውስጥ ስለሚወድቅ «ቢ ማይነስ» ይባላል፤ ዋጋውም 2.75 ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስሌት ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነው። በዚያ መንፈቅ ዓመት በአምስት ትምህርት 16 ክሬዲት ተመዝግቤ ነበር። ባለ 4 ክሬዲቱ 2.75 ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው ባለ 3 ክሬዲት የሆኑት አራቱ 3.75፣ 3.00፣ 2.50 እና 4.00 ነበሩ። አምስቱን ቁጥሮች ደምሮ ለ5 የሚያካፍል ሰው 3.20 ያገኛል፤ ግን ተሳስቷል። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ነጥብ በክሬዲቱ ማባዛት ነው፤ 11፣ 11.25፣ 9፣ 7.5 እና 12 ይሆናሉ፤ ድምራቸው 50.75 ነው፤ ለ16 ሲካፈል 3.17 ይወጣል። የ0.03 ልዩነት ኢምንት ቢመስልም የሚያስተምረው ነገር ትልቅ ነው። ምስክሮች ሁሉ እኩል አይሰሙም፤ ባለ 4 ክሬዲቱ ድምፁ ከሌሎቹ ይልቃል። በየመንፈቁ የተገኘውን አማካይ ደምሮ ማካፈልም እንዲሁ ያሳስታል፤ የክሬዲቱ ብዛት ከመንፈቅ መንፈቅ ይለያያልና።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ሒሳብ ለማስተማር ብቻ አይደለም። በዚያው ትምህርት የገጠመኝን ነገር ለመናገር መንገድ እንዲሆነኝ ነው።

ማርኩ በማስታወቂያ ሰሌዳ በተለጠፈ ዕለት ከመለያ ቁጥሬ ትይዩ የተጻፈው «ቢ ማይነስ» ሳይሆን «ቢ ፕላስ» ነበር። ዋጋው 3.50 ነው። የ0.75 ብልጫ በ4 ክሬዲት ሲባዛ 3 ነጥብ ይሆናል፤ የመንፈቁ አማካዬም ከ3.17 ወደ 3.36 ከፍ ይላል። በዓመቱ መጨረሻ የትምህርት ክፍል ምደባ የሚደረገው በአማካይ ነጥብ ስለ ነበር ይህ ልዩነት የመረጥሁትን ክፍል ሊያስገኝልኝ ወይም ሊያሳጣኝ የሚችል ነው። ከእኔ ቀጥሎ ያለው መለያ ቁጥር አብሮኝ በአንድ ክፍል የሚያድረው ጓደኛዬ ነበር። ከእርሱ ቁጥር ትይዩ «ቢ ማይነስ» ተጽፏል።

በመጀመሪያው ቀን «መምህሩ ሁላችንንም ጥቂት ጨምረውልን ይሆናል» አልሁ። በሁለተኛው ቀን «እኔ ስደምር ተሳስቼ ይሆናል» አልሁ፤ ነገር ግን ደብተሬን ገልጬ እንደገና ለመደመር እጄ አልታዘዘም። የሰው ልጅ ማወቅ የማይፈልገውን ነገር ላለማወቅ ምን ያህል ብልኅ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ተረዳሁ። በሦስተኛው ቀን እራት ስንበላ ጓደኛዬ የሚመኘውን የትምህርት ክፍል በአንደኛ ምርጫ እንደማይሞላ ነገረኝ። «ማርኩ ነገረኝ እኮ፤ የኔ አቅም ይኸው ነው» አለ። ነገሩን የተናገረው በምሬት ሳይሆን በጸጥታ፣ ፍርዱን ተቀብሎ እንዳመነ ሰው ነበር። እንጀራው ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ።

የታረሙ ወረቀቶቹን አምጣ አልሁትና አብረን ደመርን። 9፣ 13.2፣ 20 እና 34 ነበሩ፤ ድምራቸው 76.2 ሆነ። ይህ «ቢ ፕላስ» ነው። የእርሱ ማርክ በእኔ መሥመር፣ የእኔም በእርሱ መሥመር ተጽፎ ነበር። በነጋታው ሁለታችንም ወደ መምህሩ ቢሮ ሄድን። መዝገባቸውን ገልጠው ማስመሪያ አስደግፈው ሲያዩ አንድ መሥመር ስተው እንደ ገለበጡ አገኙት። ቀይረው ፈረሙበት። ከዚያም ወደ ጓደኛዬ ዞር ብለው፤

«አንተስ ለምን ቀደም ብለህ አልመጣህም?» አሉት።

«መምህር፤ እርስዎ ከጻፉት በኋላ እኔ ምን እላለሁ ብዬ ነው» ሲል መለሰላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ መልስ ከኅሊናዬ አልጠፋም። በአነጋገሩ ጨዋነት አለበት፤ ለመምህር የሚገባ አክብሮት አለበት። ነገር ግን በውስጡ አንድ አደገኛ ነገር ተሸሽጓል። ጓደኛዬ ማርኩን ምስክር አላደረገውም፤ ዳኛ አደረገው። ዳኛ ባደረገውም ጊዜ በገዛ ወረቀቶቹ ላይ በገዛ እጁ የጻፈውን መልስ፣ ሌሊት የደከመበትን ድካም፣ ስለ ራሱ የሚያውቀውን ሁሉ ሻረና በሰሌዳ ላይ የተለጠፈችውን አንዲት ፊደል አመነ። ፊደሏ ግን የእርሱ እንኳ አልነበረችም። የእኔ ጥፋት ደግሞ ከእርሱ የከፋ ነው። እርሱ ባለማወቁ ዝም አለ፤ እኔ ግን አስልቼ እያወቅሁ ሦስት ቀን ዝም አልሁ። ሐሰተኛ ምስክር ሲጠቅመን እውነቱን የምናውቅ እኛ ሁለተኛው ሐሰተኛ ምስክር እንሆናለን።

ስለዚህ ተማሪ ማርኩን በራሱ እጅ ማስላቱ የስስት ምልክት ነው የሚሉ ሰዎች የነገሩን አንድ ወገን ብቻ ያያሉ። በእርግጥ የሚጸየፉት ዓይነት ስሌት አለ። መምህሩ አንድ ጠለቅ ያለ ነገር ሲያስረዳ «ይህ በፈተና ይመጣል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ለግማሽ ነጥብ ከመምህር ደጅ የማይጠፋ፣ የሚቀለውን ትምህርት እየመረጠ አማካዩን የሚያሳምር ተማሪ አለ። እርሱ የሚሸምተው ነጥብ ነው፤ ዕውቀት አይደለም። ነገር ግን የእርሱ ጥፋት መቁጠሩ ሳይሆን ለማን እንደሚቆጥር አለማወቁ ነው። ገበሬም ስንት ቁና ዘርቶ ስንት እንዳገኘ ይቆጥራል፤ ይህን በማድረጉ ስስታም አይባልም፤ የከርሞውን ዘር የሚያውቀው በዚህ ነውና። ተማሪም በአጋማሹ ፈተና ለምን 21 እንዳገኘ፣ የጎደሉት 9 ነጥቦች በየትኛው ምዕራፍ እንደ ጎደሉ ቢያጠና፣ ያ ቁጥር ለሚቀጥለው ሥራው ዘር ይሆነዋል። ቁጥሩን ብቻ ተመልክቶ ወረቀቱን የሚጥል ግን ገለባውን ይዞ ፍሬውን የበተነ ነው።

የምስክሩን ቃል አጥርቶ ከሰሙ በኋላ ሁለተኛው ተግባር ምስክሩን መመርመር ነው። ምን አየ? ከየት ቆሞ አየ? ምንስ አላየም? እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች የነበሩት ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤሊየት አንድ ተማሪ የጻፈውን የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት አባዝተው ከመቶ ለሚበልጡ መምህራን ላኩ፤ ሁሉም በየበኩላቸው አረሙት። አንዱ መምህር ለዚያው ወረቀት 64 ሲሰጥ ሌላው 98 ሰጠ። የቋንቋ ነገር ስለ ሆነ ነው እንዳይባል፣ በተከታዩ ዓመት በጂኦሜትሪ ወረቀት ሞከሩት፤ ልዩነቱ ከፊተኛው ባሰ፤ ከ30 በታች የሰጠም ከ90 በላይ የሰጠም ተገኘ። ወረቀቱ አንድ ነው፤ ተማሪውም አንድ ነው። የተለያየው የምስክሮቹ ዓይን ነበር።

ምስክሩ የሚናገረው ስለ አንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነም ልብ ማለት ይገባል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት በጥር ወር 2015 ዓ.ም. በተገለጠ ጊዜ ከተፈታኞቹ መካከል ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ሆኑ ተሰማ። ከመቶ ልጆች 97ቱ ሰነፎች ናቸው ብሎ መፍረድ ይቻላልን? አእምሮ ያለው ሰው ይህን አይልም። ያ ቁጥር የመሰከረው በተማሪው ላይ ብቻ ሳይሆን በመጽሐፉ እጦት፣ በመምህሩ ዝግጅት፣ ልጁን ከክፍል ወደ ክፍል ሳይመረምር ባሳለፈው ሥርዓት፣ «ስንተኛ ወጣህ?» ብለን «ምን ተማርህ?» ባላልን ወላጆችም ላይ ነው። ምስክሩን ዳኛ ስናደርገው ግን ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ጫንቃ ላይ ጭነን እኛ በነጻ እንሰናበታለን።

እንግዲህ ዳኛው ማነው? የቀጣሪው መሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ክፍሉ መላሾች ይመስሉ ይሆናል፤ እነርሱም በተወሰነ ጉዳይ ይፈርዳሉ፤ አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ስለማይሆን መፍረድም ግድ ነው። ነገር ግን «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ምን መሆን እችላለሁ?» በሚለው ጉዳይ ላይ የሚቀመጠው ዳኛ የተማሪው የራሱ ኅሊና ነው። ይህ ዳኛ የማርኩን ምስክርነት ሊንቀው አይገባም፤ ንቆ «መምህሩ ጠልቶኝ ነው» የሚል ዳኛ አድልዎ የሚፈርድ ነው። ያለ ምርመራ ሊያምነውም አይገባም። ቅን ዳኛ ምስክሩን ያከብራል፤ ይሰማል፤ ይመረምራል፤ ሌላ ማስረጃ ካለ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ይፈርዳል። ፍርዱም ይግባኝ ያለው ነው፤ የሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት ይግባኙ ነውና።

ከዚህ ለሦስት ወገኖች የሚሆን ምክር ይወጣል። ተማሪ ሆይ፤ የታረመ ወረቀትህን አትጣል፤ ማርክህን ራስህ አስላ፤ ከሰሌዳው ጋር አስተያየው፤ ቢያንስህ በትሕትና ጠይቅ፤ ቢበዛልህ ግን በዚያው ትሕትና፣ ከዚያም በበለጠ ፍጥነት ጠይቅ። መምህር ሆይ፤ የማርኩን አከፋፈል በመጀመሪያው ቀን ግለጥ፤ የታረመውን ወረቀት አሳይ፤ ሊጠይቅህ የሚመጣውን ተማሪ እንደ ደፋር አትቁጠረው፤ ምስክርነትህን ከስሕተት የሚጠብቅልህ እርሱ ነው። የመንግሥት ሠራተኛና ሹም ሆይ፤ ለቅጥር ከፊትህ የቀረበው ወረቀት «የምስክር ወረቀት» እንጂ «የፍርድ ወረቀት» እንደማይባል አስታውስ፤ ምስክሩን አንብበህ ባለጉዳዩን ራሱን ሳትሰማ አትሸኝ።

ጓደኛዬ የተመኘውን የትምህርት ክፍል በአንደኛ ምርጫ ሞላና ገባ። እኔ በ3.17 ሁለተኛ ምርጫዬ ደረሰኝ፤ ዛሬ የምሠራውም በዚያው ሙያ ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው ያ ማርክ ስለ እኔ የተናገረው ትክክል ነበር፤ የዚያን ትምህርት ከመቶ 67.5 ያህሉን አውቅ ነበር። በዚያ ሰሞን ሦስት ቀን ዝም ማለቴን ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ የጻፈው የለም። በዚያ ጉዳይ የሚመሰክርም የሚፈርድም ያው አንድ ኅሊናዬ ነው።